ጨጨሆ ላይ የምታጓራ ፒካፕ፦ የመኪናን ሕመም በጆሮ የመለየት ታሪክ

እስቲ በእንቆቅልሽ እንጀምር። ጠዋት ነው። ድንች የጫነች አንዲት ፒካፕ ከንፋስ መውጫ ተነስታ ወደ ጨጨሆ ትጓዛለች። ትንሽ እንደሄደች ሾፌሩ ከታች «ግርርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል። ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ይጨምራል፣ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይብሳል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን ጠፋ ማለት ይቻላል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ የሞተሩን ዙር ከፍ ዝቅ ቢያደርገውም ድምፁ ንቅንቅ አይልም። የታመመው የትኛው ክፍል ነው?

ግምታችሁን በልባችሁ ያዙት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። እስከዚያው ግን ሾፌሩ ያደረገውን ልብ በሉ። ምንም አልፈታም፣ ምንም መሣሪያ አልተጠቀመም። ድምፁ ከምን ጋር አብሮ እንደሚለወጥ ብቻ ጠየቀ። ይሄ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። የታሪኩ አንድ ጫፍ ደግሞ እዚያው ፒካፗ የምትሄድበት መንገድ ላይ ነው።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ይዘው የሄዱት ሠራዊትና ስንቅ ብቻ አልነበረም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ያቀለጧቸው መድፎችም ነበሩ። ከእነዚህ አውሮፓውያን መካከል ሚስዮናዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና መድፍ አቅላጩ ሞሪትስ ሆል ይገኙበታል። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። 7 ቶን ማለት 70 ኩንታል ነው፤ ዛሬ አንድ አይሱዙ የሚጭነውን ያህል ማለት ነው። ያኔ ግን መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። መንገዱ ከፊት ከፊት እየተቆፈረና ድንጋዩ እየተፈለጠ ሠረገላው ከኋላ ይጎተታል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ እንደነበር በዘመኑ ተጽፏል።

መስመሩ በጋይንት አድርጎ፣ ጨጨሆን አልፎ፣ ዘቢጥን ወጥቶ ወደ ዋድላና ደላንታ ይሻገራል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ቀጥታ መስመር ቢሰመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞው ግን አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ፤ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ውስጥ ነው። አካፍሉት፦ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል።

ይህን ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ መድፉ እናወራለን። እኔን የሚገርመኝ ግን መንኮራኩሩ ነው። 7 ቶን የተሸከመ ሠረገላ ኩሽኔታ የለው፣ ፍሬን የለው፣ ባሌስትራ የለው። ክብደቱ በሙሉ ያረፈው ዘንጉ ከመንኮራኩሩ እምብርት ጋር በሚፋተግበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ፍትጊያ ካለ ሙቀት አለ፣ ሙቀት ካለ መላላትና መሰንጠቅ ይከተላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ድምፅ ይመጣል። ጅዳ ሸለቆ 1,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ በሽሎም አያንስም። እንዲህ ያለ ሸለቆ ሲወረድ ፍሬኑ ሰው ነው፦ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገመድና ጠፍር ይዘው ከኋላ ወደ ኋላ ይስባሉ። ዘንግ ቢሰበር መድፉ የሚወድቀው ከፊቱ ባለው ሰው ላይ ነበር። ስለዚህ የሚንሲጠሰጥ መንኮራኩርን ቀድሞ መስማት የሕይወት ጉዳይ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጆሮ ግን ብቻውን ሳይንስ አይደለም። ድምፅን ሰምቶ «ይሄ ነው» ለማለት ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ያንን ነገር ያሳዩን መካኒኮች ሳይሆኑ ሐኪሞች ናቸው።

እናቶቻችን ገበያ ላይ ምጣድ ሲገዙ አይታችሁ ይሆናል። አንጠልጥለው በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ይገዙታል፤ ድምፁ ከታፈነ ግን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለ ማለት ነውና ይመልሱታል። እ.ኤ.አ. በ1761 ዮሴፍ ሌኦፖልድ አወንብሩገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም የታማሚን ደረት በጣት እየመታ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን መለየት እንደሚቻል ጻፈ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነበራቸው፤ በርሜል ውስጥ ምን ያህል ወይን እንደቀረ በመምታት ይታወቅ ነበርና ሐሳቡን ከዚያ አገኘው ይባላል። ምጣዱና በርሜሉ አንድ ትምህርት ናቸው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ሬኔ ላኔክ የተባለ ሐኪም አንዲት የልብ ሕመም ያለባት ወጣት ሴት ትመጣበታለች። ጆሮውን ደረቷ ላይ መለጠፍ ነውር ሆነበት። ወረቀት ጠቅልሎ ቱቦ ሠራና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ ጥርት ብሎ ተሰማው! ማዳመጫው እንዲህ ተወለደ። የላኔክ ትልቁ ሥራ ግን ቱቦው አይደለም። በሽተኛው በሕይወት ሳለ የሰማውን ድምፅ ይመዘግባል፤ ሰውዬው ሲሞት አስከሬኑን ከፍቶ ያያል፤ ከዚያ ድምፁንና ያየውን ጉዳት ያስተያያል። በ1819 ያሳተመው መጽሐፍ የዚህ ማስተያየት ውጤት ነው።

አሁን ወደ ጋራዥ ኑ። መካኒኩ ረጅም ካቻቢቴ ያነሳል፤ ብረቱን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው አጥንት ላይ ያደርጋል። ድምፅ በጠጣር ብረት ውስጥ ከአየር ይልቅ በደንብ ይሄዳልና አንዷን ኩሽኔታ ከጎረቤቷ ለይቶ ይሰማል። የላኔክ ቱቦ ማለት ይሄው ነው። ከዚያ ይፈታዋል፣ ያየዋል፣ «አሃ፣ ያ ድምፅ ይሄ ነበር» ይላል። ልምድ ያለው መካኒክና ጀማሪው በጆሯቸው ጥራት አይለያዩም፤ እንዲያውም የወጣቱ ጆሮ ሳይሻል አይቀርም። የሚለያዩት ሰምተው ከፈቱት ብዛት ነው። ሰምቶ ሳይከፍት የሚገምት፣ ወይም ሳይሰማ ዝም ብሎ የሚፈታ፣ ሁለቱም አይማሩም።

ካቻቢቴ ስል ቃሉ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

መኪና አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ አንስቶ አመጣው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ግን መኪና በብዛት የገባው በወረራ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራ የፋሺስት ጦር በመቶዎች በሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ተጭኖ ጎንደር ደረሰ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት መንገድ ተቆፈረ፣ ጋራዥ ተከፈተ። ከወረራው በኋላም አንዳንድ ጣሊያናውያን መካኒኮች ሆነው እዚሁ ቀሩ። ወጣቶቻችን ሙያውን አጠገባቸው ቆመው ሲማሩ ቃላቱን አብረው ወሰዱ።

እነዚህን ቃላት ዛሬ እንደ አማርኛ ነው የምንሰማቸው። ግን በጣሊያንኛ ምን ማለት እንደሆኑ እዩልኝ። ባሌስትራ፣ ያ የታጠፈ የብረት ድርድር፣ ጣሊያንኛው «ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ» ነው፤ ቅርጹን ስታዩት ትክክል ነው። ማርሚታ «ድስት» ነው። ካንዴላ «ሻማ»። ፍሬቻ «ፍላጻ»። ኩሽኔታ «ትንሽ ትራስ»፦ ዘንግ የሚተኛባት ትራስ። ረዳቱ ጎማ ሥር የሚወሸቅላት ታኮ ደግሞ «ተረከዝ» ናት። ችንጋ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ሞተሪኖ፣ ኮፋኖ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም የዚያው ዘመን ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ልቡ እሱ ነው። የክፍሎቹ ስም ጣሊያንኛ ሆኖ ሳለ የሕመማቸው ስም በሙሉ አማርኛ ነው። ማንም ሾፌር የመኪናውን ድምፅ በጣሊያንኛ አይነግራችሁም። «ይንኳኳል» ይላል፦ ጠጣር ከጠጣር ጋር፣ መሃላቸው ክፍተት አለ። «ይንገጫገጫል» ይላል፦ ብዙ የላላ ነገር አብሮ ይናወጣል። «ያፏጫል» ካለ አየር በጠባብ ቀዳዳ እያመለጠ ነው። «ሲጥ ሲጥ ይላል» ካለ ደረቅ ነገር ከደረቅ ነገር ጋር ይፋተጋል። «ይፈጫል» ካለ፣ በቃ፣ ብረት ብረትን እየበላ ነውና አቁሙ። «ያጓራል» ካለ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር ፊቱ ሻክሯል። አማርኛ ድምፅን የሚስሉ ግሶች የሞሉበት ቋንቋ ነው፤ አንዱን ግስ መርጦ መናገር ግማሽ ምርመራ ነው። ስለዚህ መካኒክ ዘንድ ስትሄዱ «ድምፅ አለው» ብቻ አትበሉ። የምትመርጡት ግስ ገንዘብ ይቆጥብላችኋል።

ወደ ጋይንት እንመለስ። ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫ፣ በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በአካባቢው «የቻይና መንገድ» ይባላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤይጂንግን ጎበኙ፤ ከዚያ በኋላ በቻይና ድጋፍ ከ1960ዎቹ መገባደጃ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ተሠራ። የቴዎድሮስ ሠረገላ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር በሄደበት አገር መኪና በሰዓት 40 መሄድ ጀመረ። በድርቅ ዘመን እህል ወደ ደጋው የሚደርሰውም በዚሁ መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ስትሉ ግን፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ስማዳ ወገዳ፣ ወይም በእስቴ መካነ ኢየሱስ ዙሪያ ወዳሉ ቀበሌዎች፣ ጠጠርና ጅረት ይጠብቃችኋል። የፒካፕ አገር ይሄ ነው። በአንድ ቀን እህል ትጭናለች፣ ሰርገኛ ትጭናለች፣ አንዳንዴም ምጥ የያዛት እናት ታደርሳለች። ያቺ መኪና መንገድ ላይ ብትቆም የሚጎዳው የመኪናው ባለቤት ብቻ አይደለም።

የአካባቢው ከፍታም በድምፅ ላይ የራሱ ተንኮል አለው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ዲዝል ሞተር የሚስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚያንስ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጠዋት ብርዱ ሲጨመርበት ነዳጁ ተረጭቶ እስኪቀጣጠል ትንሽ ይዘገያል፤ የዘገየው ነዳጅ በአንድ ጊዜ ቦግ ሲል «ቋ ቋ ቋ» ይላል። ከቆላ የመጣ ሾፌር ሞተሬ ሞተ ብሎ ይደነግጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ከጠፋ ግን አገሩ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። ውኃም እዚያ ከፍታ ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ቆላ ላይ ደህና የነበረ ራዲያተር ደጋ ላይ «ጉልጉል» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ክዳኑን በሙቀቱ እንዳትከፍቱት፤ ፊት ያቃጥላል።

አሁን እንቆቅልሹን እንፍታ። ትንሽ ሒሳብ ያስፈልገናል፤ አትፍሩ፣ ቀላል ናት።

የአንድ ትልቅ ፒካፕ ጎማ ዙሪያው 2.5 ሜትር ያህል ነው። መኪናዋ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በሰከንድ 10 ሜትር ትጓዛለች። 10ን ለ2.5 ስናካፍል 4 ይመጣል፤ ጎማው በሰከንድ 4 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ጎማው ጥርስ ውስጥ ጠጠር ቢሰካ በሰከንድ 4 ጊዜ «ጢቅ» ይላል፤ ይሄን ጆሮ መቁጠር ይችላል። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ደግሞ ከጎማው 4 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፤ በሰከንድ 16። ሞተሩ በሦስተኛ ማርሽ ከሆነ ከ20 በላይ ይዞራል። ምቶች በሰከንድ 20 ገደማ ሲደርሱ ለጆሯችን ተለያይተው መሰማታቸው ይቀርና አንድ የተያያዘ እምምታ ይሆናሉ። ስለዚህ የሚቆጠር ምት ከሰማችሁ ጎማ አካባቢ ፈልጉ፤ የሚያነዝር እምምታ ከሆነ ዘንጉን ወይም ሞተሩን ጠርጥሩ።

የኛ ሾፌር ፍሪሲዮን ረግጦ የሞተሩን ዙር ሲለዋውጥ ድምፁ አልተለወጠም። ሞተሩ ነጻ ወጣ። ድምፁ የተከተለው የመኪናዋን ፍጥነት ስለሆነ ችግሩ መሬቱን ከሚረግጠው ወገን ነው። ማርሽ ስትቀይሩ ወይም ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ አንድ ጊዜ «ጓ» ካለ ክሮቼራውን፣ ያን ዘንጉ ላይ ያለ መስቀል የመሰለ መገጣጠሚያ፣ ትጠረጥራላችሁ። እዚህ ግን እንደዚያ አላለም። ፍሬን ሲያዝም አልተለወጠም እንበል፤ ሸራው ነጻ ወጣ። ቀረን መታጠፊያው። መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ አካሏ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ ስትሄዱ እናንተም ወደ ውጭ እንደምትገፉት ነው። ክብደቱ የቀኝ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ድምፁ የባሰውም ያኔ ነው። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቱ ከቀኝ ይነሳል፤ ድምፁም ይጠፋል። መልሱ የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ነው!

የፊቱ ይሁን የኋላው? ጥሩ ጥያቄ። ደልዳላ ቦታ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ታኮ ይደረጋል። በክሪክ አንስቶ እያንዳንዱን የቀኝ ጎማ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅና በእጅ ማዞር ነው። የሚያጓራው ወይም የሚወላልቀው እሱ ነው። አንዳንዶች ክሪክ ከማውጣታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ጎማው እምብርት አስጠግተው ሙቀቱን ያስተያያሉ፤ የታመመው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ስማዳ ውስጥ ጅረት ያቋረጠች መኪና ላይ ይሄ ለምን እንደሚበዛ መገመት ትችላላችሁ። ያረጀ ጎሚኒ ውኃና አሸዋ ያስገባል፣ ግራሱ ይበላሻል፣ ትራሷ አሸዋ ይሞላታል። ቴዎድሮስ ሠረገላ ላይ የነበረው ያው የዘንግና የእምብርት ፍትጊያ ማለት ነው።

ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገር ዘመናዊ የምርመራ መሣሪያ ይሄን ይነግረኛል የሚል ካለ ይጠንቀቅ። መሣሪያው የሚያነበው መኪናው ላይ የተገጠሙ ዳሳሾች የላኩትን ነው፤ አብዛኞቹ ፒካፖች የኩሽኔታን ጩኸት የሚሰማ ዳሳሽ የላቸውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል አንዳንዱ «የመካኒክ ጆሮ አለቀለት» ብሎ ነበር። እኔ አልስማማም። ኤሌክትሪክ መኪናም ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ ወይም ሞላ፣ ፍሬንና ጎማ አለው። ጭራሽ የሞተሩ ጩኸት ሲጠፋ የእነሱ ሕመም ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል።

ጆሮ የማይደርስበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ያጸጽተኛል። 3 ቶን የምትመዝን የተጫነች ፒካፕ 500 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ስትወርድ፣ በፍሬን ብቻ ከሆነ፣ ወደ 15 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። 45 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ ማለትም ከሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ፣ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይሄ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው አራት ትንንሽ ብረቶች ላይ ነው። ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ እርጥበት ከጠጣ ይፈላና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ይሄ ሲሆን ጩኸት የለም፤ የተቃጠለ ሽታ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ስለዚህ የጨጨሆን መንገድ የሚያውቁ ሾፌሮች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ማርሽ ዝቅ ያደርጋሉ፤ የሞተሩ እምምታ ከፍ ይላል። ተሳፋሪው «ምን ሆነች?» ብሎ ቀና ሲል ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ «ምንም አልሆነች፤ እየያዘችን ነው» ይለዋል።